የሌለውን አብሮ ማየት



እ.ኤ.አ. በኦገስት 1939 ማብቂያ በደቡብ ጀርመን፣ ሆህለንሽታይን ሽታደል በሚባል ዋሻ ውስጥ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች የተሰባበረ የማሞት ጥርስ አገኙ። ማሞት ዛሬ ዘሩ የጠፋ ጠጉራም የዝሆን ዘመድ ነው። በሳምንቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ቁፋሮው ተቋረጠ፤ ስብርባሪውም ተሰብስቦ ተቀመጠና ሠላሳ ዓመት የሚያየው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዮአኪም ሃን የተባለ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ቁርጥራጩን እያገናኘ ቢገጣጥመው የቆመ ምስል ወጣው። ከዚያ ወዲህ የተገኙ ቁርጥራጮች ሲጨመሩበት ነገሩ ይበልጥ ጠራ፤ ከአንገት በታች ሰው፣ ከአንገት በላይ አንበሳ። ቁመቱ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ነው። ዛሬ በኡልም ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

በዚያ ዘመን ዓይነት የድንጋይ መሣሪያ መሰሉ ለሙከራ ሲቀረጽ ከ400 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። እስቲ አስቡት። ዘመኑ የበረዶ ዘመን ነው፤ ብርድ አለ፣ ረሀብ አለ፣ አውሬ አለ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው አደን ሳይወጣ፣ እንጨት ሳይለቅም ቁጭ ብሎ ጥርስ ይፍቃል። ሌሎቹ እያበሉት ነው ማለት ነው። የሚፍቀው ደግሞ ቢላ አይደል፣ ጦር አይደል፤ እሱም ሆነ ሌላ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ፍጡር ነው። የአንበሳ ራስ ያለው ሰው በየትኛውም ጫካ ኖሮ አያውቅም።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ችሎታ ነው፤ ስለ ምናብ። ሰውን ሰው ያደረገው ምናቡ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ ግን አባባሉ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል። ምናብ ብቻውን ሰው አያደርግም። ሰው ያደረገን የሌለውን ነገር አብረን ማየት መቻላችን ነው፤ አንዱ በዓይነ ሕሊናው ያየውን ሌላው ተቀብሎ «አዎ፣ ይታየኛል» ማለቱ። ስለዚያ ምስል ከተጻፈው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንበሳነቱ አይደለም፤ ገላው መለስለሱ ነው። ያጠኑት ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርና ሲታሽ የለሰለሰ ይመስላል ይላሉ። ዋሻው ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠ፣ ፀሐይ የማይጎበኘው ቀዝቃዛ ቦታ ነው፤ የዕለት ኑሮ ዕቃም እምብዛም አልተገኘበትም። ሰዎች አልፎ አልፎ ለመሰብሰብ ይመጡበት እንደነበር ይገመታል። ተሰብስበው ምን ይባባሉ እንደነበር ማንም አያውቅም። ግን አንድ ነገር በመካከላቸው ነበር፤ ያ ፍጡር የሁሉም ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ነገሩ እኛ ዘንድ እጅግ ቀድሞ ተጀምሯልና። በኮንሶ እነ ዮናስ በየነ ካጠኗቸው የድንጋይ የእጅ መጥረቢያዎች ጥንታዊዎቹ 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ሻካሮች ናቸው፤ ጠራቢው ጫፍ ካወጣላቸው በቅቶታል። ወደ 850,000 ዓመት ስንጠጋ ግን እዚያው ኮንሶ የተገኙት ቀጠን ያሉ፣ ግራና ቀኛቸው የተስተካከለ ናቸው። ሥጋ ለመቁረጥ ይህ ሁሉ መስተካከል ያስፈልጋል? ጠራቢው የመጀመሪያዋን ምት ከማሳረፉ በፊት ያለቀውን ቅርጽ በልቡ ይዞት ነበር ብል ድፍረት አይመስለኝም።

ለእኔ ከመጥረቢያው ሁሉ የሚበልጠው ግን በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ ኸርቶ ከምትባል መንደር አጠገብ የተገኘው ነው። እነ ብርሃኔ አስፋውና ቲም ኋይት እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ያስተዋወቋቸው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። ቅሉ ላይ ሥጋው በድንጋይ ስለት የተገፈፈበት ጭረት ይታያል፤ በተደጋጋሚ ከመያዝ የመጣ የሚመስል ልስላሴም አለው። ተመራማሪዎቹ ከሞት ጋር የተያያዘ አንድ ዓይነት ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም ከማለት አላለፉም፤ ደግ አደረጉ፤ ሳይንስ ልጓም ያስፈልገዋል። እኔ ተናጋሪ ነኝና አንድ እርምጃ ልለፍ። ለሆድ ቢሆን ኖሮ ተበልቶ ይጣል ነበር። የልጅን ራስ ቅል ማንሳት፣ ማየት፣ ለሌላው ማቀበል፣ መልሶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ልጁ በሌለበት ልጁ ለሚታየው ሰው ነው። ምናብ ተረት ከመፍጠሩ አስቀድሞ ያለቀሰ ይመስለኛል።

ምናብ ከምን ይሠራል? ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ከለንደን መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዴሚስ ሃሳቢስ፣ ኤለነር ማግዋየርና ባልደረቦቻቸው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸውን አምስት ሰዎች መረመሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የትናንቱን ማስታወስ እንደሚቸግራቸው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ስለ ትናንት አልጠየቋቸውም። አንድ ውብ የባሕር ዳርቻ፣ ነጭ አሸዋ ላይ ተጋድማችኋል እንበል፤ ምን ይታያችኋል? አሏቸው። ጤነኛ ሰው ይህን ሲጠየቅ ማዕበሉን፣ ዛፉን፣ ከበስተጀርባው ያለውን ሁሉ እያያያዘ ይዘረዝራል። ከአምስቱ አራቱ ግን የተበጣጠሰ ነገር እንጂ አንድ ወጥ ሥፍራ ሊታያቸው አልቻለም። ያለፈውን የምናስታውስበትና ያልሆነውን የምናይበት ጓዳ አንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ማስታወስ ሲጎዳ መፍጠርም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ግኝት ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ ቅኔ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ሲነሳ «ሽምደዳ ነው የፈጠራ ችሎታን የገደለው» ማለት ፋሽን ሆኗል። ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙም ሐሰት አይደለም። የቆሎ ተማሪው ግን ለዚህ ክስ አይመችም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ልጅ ነው። ዳዊቱን በቃሉ ይዟል፤ ታሪኩን፣ ገድሉን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ሰዎች ስም በራሱ ውስጥ አከማችቷል። ይህ ሁሉ ሽምደዳ ነው ካላችሁ ይሁን። ሌሊት ግን ጎጆው ውስጥ ወይም ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ጠዋት የኔታ ፊት ቀርቦ ሲያሰማ ቤቱ መምታቱ፣ ሰዋስው መጠበቁ ብቻ አይበቃውም፤ ትናንት የተባለ መሆን የለበትም። የሌላውንም የራሱንም መድገም ነውር ነው። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ቅኔ ቤት ይህ ሕግ የታወቀ ነው፤ ቅኔ አንዴ ተብሎ ያልፋል፤ ለነገው በዓል ሌላ ይቆጠራል።

እንግዲህ በየዕለቱ አዲስ ነገር እንዲወልድ የሚገደድ ተማሪ ዛሬ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ አለ? ያን የሚያደርገው ደግሞ ማስታወስን ጥሎ አይደለም፤ በቃሉ የያዘው ብዙ ስለሆነ ነው ለሰሙ የሙሴን በትር፣ ለወርቁ የጎረቤቱን ስስት የሚያገናኘው። ሌላም ነገር አለ። ሰሙን የሚሰማ ሁሉ ወርቁን አያገኝም፤ ሰሚው ወርቁን ፈልፍሎ እስኪያወጣ ድረስ ቅኔው ግማሽ ነው። ባለቅኔው የጀመረውን ምናብ የሚጨርስለት አድማጩ ነው። በማኅሌት መካከል አንዱ መሪጌታ ፈገግ ሲል፣ ወዲያው ወዲያ ማዶ ያለው ሌላው ራሱን ሲነቀንቅ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም የሌለ ነገር እያዩ ነው፤ ያውም አንድ ነገር።

እዚህ ላይ «እንስሳትስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በኡጋንዳ ኪባሌ ጫካ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎችን ለ14 ዓመታት የተከታተሉት ሶንያ ካለንበርግና ሪቻርድ ራንግሃም እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የሚያስገርም ነገር አሳትመዋል። ግልገሎቹ እንጨት ያነሳሉ፤ ለመምታትም ለመቆፈርም ሳይሆን ዝም ብለው ይዘውት ይዞራሉ፤ አንዳንዴ ማደሪያቸው ድረስ ይዘውት ይገባሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ያደርጉታል፤ የራሳቸውን ልጅ ሲወልዱም ይተዉታል። አሻንጉሊት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ምናብ የሰው ብቻ ነው ብሎ መፎከር አይገባም፤ ዘሩ ከእኛ ውጭም አለ። ነገር ግን ያቺ ቺምፓንዚ እንጨቷን ይዛ የምትዞረው ለብቻዋ ነው። «ልጄን ያዥልኝ» ብላ ለጓደኛዋ አትሰጥም፤ ጓደኛዋም «ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» አትላትም።

ይህን ከእቃቃ ጋር አስተያዩት። የየትኛውም ሰፈር ልጆች ከግንብ ሥር ሰብሰብ ይላሉ። ገል ምጣድ ይሆናል፤ ጭቃ ወጥ፣ የኮባ ቅጠል እንጀራ፣ ቆርኪ ስኒ ይሆናል። አንዷ የበቆሎ ቆረቆንዳ በብጣሽ ጨርቅ አዝላ እሹሩሩ ትላለች። ከዚያ በፊት ግን ድርድር አለ፤ «አንቺ እናት ሁኚ፣ እሱ አባት ይሁን፣ እኔ እንግዳ ነኝ»። እንግዳው ከሌለው በር ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ!» ይባላል። ጭቃው ሲቀርብለት ወደ አፉ አስጠግቶ ከንፈሩን ያጣጥማል እንጂ አይውጠውም። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጭቃው ጭቃ መሆኑንም፣ ወጥ መሆኑንም በአንድ ጊዜ ያውቃል፤ ሁለቱ ዕውቀቶች አይጋጩበትም። አንዱ ልጅ በድንገት «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» ብሎ ቢያበላሽ ሁሉም ይጮሁበታል። ውሸት ስለተናገረ አይደለም፤ ውል ስላፈረሰ ነው። ደግሞም ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ድግስ በአንድ ቃል ይናዳል፤ «ፈረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ» ተባለ ማለት አለቀ።

እኛ ትልልቆቹ እቃቃውን የተውን ይመስለናል። አንድ እድር ተመልከቱ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ እየሄደ መዋጮ የሚከፍል ጤነኛ ሰው ምን እያደረገ ነው? የራሱን ቀብር እያሰበ ነው። ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ ትልቁ ድስት ሲጣድ፣ ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ስሙን ሲጠራ በዓይነ ሕሊናው አይቷል፤ ያየውን ደግሞ መቶ ሰው አብሮት አይቶ ደንብ አጽፎበታል፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጦለታል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖቻችንም ለዚሁ ብለው እድር መሥርተዋል፤ እነሱ ላይ የተጨመረው አስከሬን ወደ አገር የሚሄድበት የአውሮፕላን ወጪ ነው። ዕቁቡም፣ የባንክ ኖቱም፣ ድንበር የምንለው መሥመርም ከዚህ ወገን ናቸው። መሬቱ ላይ መሥመሩን የሚያየው ወፍ የለም፤ እኛ ግን እንሞትለታለን።

ልብ ወለድም ከዚሁ ወገን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ቆሞ ሰማ፤ በዛብህ ሲሞት፣ ሰብለ ወንጌል ስትመነኩስ ያለቀሰው ሰው ስንት ነው! ሁለቱም በሕይወት ኖረው እንደማያውቁ የማያውቅ አንድም አድማጭ አልነበረም። ደራሲው ግን ካሣ ዳምጤ የሚሉትንም ሰው ጨምረውልናል፤ የጌትነትና የዘር ሐረግ ነገር ሰው ያቆመው፣ ሰው ሊያፈርሰው የሚችል መሆኑ ስለታየው «ጉዱ ካሣ» ተብሎ እንደ ዕብድ ይቆጠራል። ሌሎቹ ያ ሥርዓት የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ እቃቃ አይመስላቸውም ነበርና።

እስካሁን ምናብን ሳመሰግን ቆየሁ። ይህን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ግን ግማሹን ደብቄያችሁ ነው የምሄደው። የአንበሳ ራስ ያለውን ሰው የቀረጸው ችሎታ ጅብ የሚሆነውንም ሰው ቀርጿል።

በብዙ የአገራችን ገጠር ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በቀን ሰው፣ በሌሊት ጅብ ናቸው ሲባል ኖሯል፤ ቡዳ። በጎንደርና በአካባቢው ይህን ስም ከተሸከሙት ዋነኞቹ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ርስት ተነፍገው ኑሯቸውን በብረትና በሸክላ ላይ ጣሉ፤ ሥራው ደግሞ ስሙን አመጣባቸው። ገበሬው ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ ያለ እሱ አያርስምና። ቤቱ ግን አይበላም፤ ልጁንም ወደዚያ አያስጠጋም። ልጁ ቢታመም የመጀመሪያው ቃል «ቡዳ በልቶት ነው» ነው። ማታ ደግሞ ያቺው የምትፈራው ሴት ባበጀችው ጀበና ቡና ይፈላል፣ በምጣዷ እንጀራ ይጋገራል። ዓይኗን ፈርተው የእጇን ሥራ አፋቸው ያደርሱታል። ዐፄ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአፍ አልወጣም። ከቤተ እስራኤል የሚበዙት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይም በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ስሙን ለሌሎች ባለ እጆች ትተውላቸው ሄዱ ማለት ይቻላል፤ ዛሬም በየቦታው የሚጠሩበት አሉ።

ይህ ምናብ ማጣት ነው? በፍጹም፤ ምናቡ የትና የት ነው! ጅብነቷን በዝርዝር ያውቁታል፤ በስንት ሰዓት እንደምትለወጥ፣ በየት በኩል እንደምትመጣ፣ በምን እንደምትታሰር። የማያውቁት ሌላውን ነው። ጭቃውን ከየት ተሸክማ እንደምታመጣ፣ ወገቧን ስንት ቀን እንደሚያማት፣ የተኮሰችው ሸክላ ሲሰነጠቅባት ምን እንደምትል፣ ልጇ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይጫወት ሲባረር ምን ብላ እንደምታባብለው። ለጭራቁ የተትረፈረፈ ምናብ ለጎረቤቷ አልተረፈም። አብሮ የማየት ችሎታችን መቶ ሰው ሰብስቦ ድንኳን ያስተክላል፤ መቶ ሰው ሰብስቦ አንዲትን ሴት ጅብ ያደርጋል። ሁለቱም የሰው ሥራ ናቸው፤ ሁለተኛውን «አውሬነት» ብለን ለአውሬ መስጠት ራስን መሸንገል ነው። አውሬ ባልንጀራውን ቡዳ ብሎ አያውቅም።

ከመውረዴ በፊት ስለ ማሽኖቹ አንድ ቃል፤ ማንሳታችሁ ስለማይቀር። ስለ ማስታወስና ምናብ ያን ጥናት ያደረገው ሃሳቢስ ኋላ ዲፕማይንድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ተጋርቷል። ዛሬ ማሽን ግጥም ይገጥማል፣ ሥዕል ይሥላል፤ የአንበሳ ራስ ያለው ሰው ሥራ ብትሉት ከ400 ሰዓት ይልቅ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ምናብ አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር አያልቅም፤ እኔም አልገባበትም። የማውቀው ማሽን እድር አለመግባቱን ነው። የሚቀብረው የለውም፤ የሚቀብረው ሰውም አይናፍቅም። የምሰጋው እሱ የሌለውን በማየቱ አይደለም፤ ያየውን የምናምነው እኛ በመሆናችን ነው። የሐሰት ፎቶግራፍ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ዐሥር ሺህ ሰው ተቀብሎ «አዎ፣ ይታየኛል» ሲለው ነው እሳት የሚሆነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ስልካችሁ ላይ ስለ አንድ ወገን የሆነ ነገር ይደርሳችኋል፤ ስለ አንድ ብሔር፣ ስለ አንድ ሃይማኖት፣ ስለ አንድ ሰፈር ሰዎች፤ «እነሱ እኮ» ብሎ የሚጀምር። ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ከእነዚያ ሰዎች መካከል የአንዱን አንድ ቀን ለማሰብ ሞክሩ። ስንት ሰዓት ይነሳል? ቁርሱ ምንድን ነው? ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው በምንድን ነው? የቤት ኪራይ የሚከፍለው ወሩ በገባ በስንት ነው? የሚታያችሁ ነገር ካለ በዚያ ላይ ተነጋገሩ። ምንም ካልታያችሁ መልእክቱን አታስተላልፉት፤ አጥፉት።